ከኮሮና በኋላ የተረት ሰዓቱ ለምን ሰው አጣ? ለአንዲት እህት ጥያቄ የተሰጠ መልስ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። በሰፈራችሁ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ቅዳሜ ቅዳሜ የነበረው የተረት ሰዓት መጋቢት 2012 ላይ በኮሮና ምክንያት ቆመ። ቤቱ ሲከፈት ግን ልጆቹ እንደ ድሮው አልመጡም፤ አሁን ኮሚቴው «ሰው ከሌለ ይቅር» እያለ ነው። እንዲህ ያለ ወረርሽኝ ተመልሶ ቢመጣ ምን እናድርግ ብለሽም ጠይቀሻል። እኔ የምሠራው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ፣ ሐበሻ በብዛት በሚኖርበት ሰፈር ባለ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍል ነው። አገሩ ቢለያይም የገጠመን ነገር ይቀራረባል።

እባካችሁ አትዝጉት። ልጆቹ የቀሩት ተረት ስለጠሉ አይደለም። ያኔ የአራትና የአምስት ዓመት የነበሩት አድገዋል። ከእነሱ በኋላ የተወለዱት ደግሞ በራችሁን አያውቁትም፤ እናቶቻቸውም አያውቁትም። እናንተ የድሮዎቹን እየጠበቃችሁ ነው። እኛም ጋ በሩን ከፍተን ስንጠብቅ የመጣው ጥቂት ሰው ነበር። ሥራው እንደ አዲስ ከዜሮ መጀመር ነበረበት።

ስለ ወረርሽኙ ጊዜ ልንገርሽ። የአሜሪካ የቤተ መጻሕፍት ማኅበር እ.ኤ.አ. ማርች 17 ቀን 2020 ቤተ መጻሕፍት ለሕዝብ እንዲዘጉ መከረ። ወዲያው ሁሉም ወደ ዙም ዞረ። የአማርኛውን የተረት ሰዓት እኛም በዙም ሞከርነው። «ተረት ተረት!» ትያለሽ። አንዱ ልጅ ቶሎ ብሎ «የላም በረት» ይላል፣ ሌላው ዘግይቶ ይደርሳል፣ የሦስተኛው ድምፅ ተቆራርጦ ይመጣል። አንድ ላይ መመለሱ ነበር ደስታው፤ እሱ ጠፋ። ከዚያ በላይ ያሳሰበኝ ግን በስክሪኑ ላይ የማይታዩት ልጆች ናቸው። ቤታቸው ኢንተርኔት የሌለ፣ አባታቸው ኡበር የሚነዳ፣ እናታቸው ማታ ማታ የአረጋውያን መጦሪያ የምትሠራ። የተረት ሰዓቱ ይበልጥ የሚያስፈልገው ለእነሱ ነበር።

ስለዚህ ወደ ድምፅ ተመለስን። አምስት ደቂቃ የማይሞላ ተረት በስልክ ቀድቶ ለወላጆች በዋትሳፕና በቫይበር መላክ ነው፤ ሌላ ነገር የለውም። «ተረት ተረት» ካልኩ በኋላ ትንሽ ዝም እላለሁ። ልጁ እቤቱ ሆኖ «የላም በረት» የሚልበት ቦታ ነው። አንዲት እናት ከሥራ ስትመለስ መኪና ውስጥ ከልጇ ጋር እየሰሙ እንደሚመጡ ነገረችኝ። ለእናንተ ቴሌግራም ይበቃል። የድምፅ መልእክት እንደ ቪዲዮ ካርድ አይበላም፤ ኔትወርክ ደካማ ቢሆንም ቀስ ብሎ ይወርዳል። ሌላም ጥቅም አለው፤ መጽሐፍ በኢንተርኔት ለሕዝብ ለማንበብ አብዛኛውን ጊዜ የአሳታሚ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ አያቶቻችን የነገሩንን ተረት ለመተረት ግን ማንንም አናስፈቅድም።

ሁለተኛው የሠራልን ከረጢት ነው። ውስጡ ባለ ቀለም ወረቀት፣ አንድ ኮላ፣ ጥቂት ከለርና የተረቱ ሥዕል ያለበት ወረቀት ይኖራል። ወላጅ በር ላይ ይወስዳል፣ ልጁ ተረቱን እየሰማ ይሠራል። በወረቀቱ ጀርባ ለወላጅ ሁለት ጥያቄ በአማርኛ እንጽፍ ነበር፤ «ቀበሮዋ ለምን ዋሸች? አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?» የሚል ዓይነት። ብዙ ወላጅ ከልጁ ጋር ምን እንደሚያወራ ሲቸግረው ያ ጥያቄ ወሬ ይከፍትለታል። ከረጢቱ ዛሬም አልቆመም፤ ምክንያቱም በወረርሽኙ ጊዜ ብቻ ሳይሆን ድሮም መምጣት ላልቻለ ቤተሰብ ይደርሳል።

መጽሐፍ ማዋስን በተመለከተ ብዙ ግራ መጋባት ነበር። የአሜሪካ የሙዚየሞችና የቤተ መጻሕፍት አገልግሎት ተቋም ኦሲኤልሲ ከሚባለው የቤተ መጻሕፍት ትብብር ድርጅትና ባተል ከሚባለው የምርምር ተቋም ጋር ሆኖ ቫይረሱ መጽሐፍ ላይ ምን ያህል እንደሚቆይ በላቦራቶሪ አስፈትኖ ነበር። ለብቻው በተቀመጠ መጽሐፍ ላይ ከሦስት ቀን በኋላ አልተገኘም። በተደራረቡት ላይ ግን ከስድስት ቀን በኋላም ተገኘ። እኛም የተመለሰውን መጽሐፍ ለየብቻ እያስቀመጥን ቀን እንቆጥር ነበር። በኤፕሪል 2021 ሲዲሲ (የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል) ዕቃ በመንካት የመያዝ ዕድል ዝቅተኛ መሆኑን ሲገልጽ ነው ያ ልማድ እየቀረ የሄደው። ሌላ በሽታ ቢመጣ መተላለፊያው የተለየ ሊሆን ስለሚችል የጤና ባለሙያ መጠየቅ ነው እንጂ የኮሮናውን ሕግ እንዳለ አትገልብጡት።

ስለ ገንዘብም አንድ ነገር። እዚህ በ2021 ለትምህርት ቤቶችና ለቤተ መጻሕፍት የኢንተርኔትና የመሣሪያ ድጋፍ 7.17 ቢሊዮን ዶላር ተመድቦ ነበር። በእሱ ብዙ ቦታ ሆትስፖት፣ ማለትም እቤት ኢንተርኔት የሚያስገኝ ትንሽ መሣሪያ፣ ለቤተሰብ ይዋስ ነበር። ፕሮግራሙ በጁን 2024 ሲያበቃ ለምዶት የነበረ ቤተሰብ ተቸገረ። እርዳታ ብታገኙ መደርደሪያና መጽሐፍ ግዙበት። በየወሩ የሚከፈል ነገር አትጀምሩበት።

አሁን ወደ ኮሚቴያችሁ ልምጣ። ልጆቹን አትጠብቁ፣ ሂዱባቸው። ጤና ጣቢያ የክትባት ቀን እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው ረጅም ሰዓት ይቀመጣሉ። ኃላፊውን አስፈቅደሽ አንድ ተረት እዚያው ተርቺ፣ የቴሌግራሙን አድራሻ የያዘ ወረቀት አድይ። ቅዳሜ ለብዙ ቤተሰብ የገበያና የልብስ አጠባ ቀን ከሆነ ሰዓቱን ቀይሩት፤ ወላጆችን ጠይቃችሁ እንጂ እናንተ ቁጭ ብላችሁ አይደለም። ሌላ በጣም የምወደው ሐሳብ አለ። እ.ኤ.አ. በ2007 እዚህ አሜሪካ በቨርሞንት ግዛት ሞንትፒሊየር ከተማ የተጀመረ ነው። የሥዕል መጽሐፍ ገጾች ላሚኔት ተደርገው (በፕላስቲክ ተሸፍነው) በመንገድ ዳር በተራ ይተከላሉ፣ ልጁ እየሄደ ያነባል። ኮሮና ጊዜ ሰው መሰብሰብ ሲከለከል በየቦታው ተስፋፋ። እናንተ በግቢያችሁ አጥር ላይ ልትሰቅሉት ትችላላችሁ። ከትምህርት ቤት የሚመለስ ልጅ ሁሉ ያየዋል።

ሪፖርት ስትጽፊም አዳራሽ ውስጥ የተቀመጠውን ልጅ ብቻ አትቁጠሪ። የተወሰደ ከረጢት፣ የተዋሰ መጽሐፍ፣ ተረቱን የከፈተ ስልክ ሁሉ ይቆጠራል። ኮሚቴው «ሰው የለም» የሚለው አንዱን ቁጥር ብቻ እያየ ይመስለኛል።

የከረጢቱን ወረቀት ናሙናና ለወላጆች የምንጽፈውን የጥያቄ ዝርዝር በውስጥ መስመር እልክልሻለሁ። ኮሚቴው መቼ እንደሚሰበሰብ ንገሪኝ፤ ከዚያ በፊት እንዲደርስሽ።