አንድ ቀን ስታመም ሥራው ይቆማል

ጥያቄ፦ በአዲስ አበባ ለምግብ ቤቶች እንጀራ አቀርባለሁ። አራት ሠራተኞች ቢኖሩኝም አንድ ቀን ስታመም ሊጡም ሒሳቡም ይበላሻል። ምን ባደርግ ይሻላል?

መልስ፦ እኅታችን፣ በመጀመሪያ ከእጅዎ መውጣት ያለበት አብሲቱ ነው፤ ምን ያህል ሊጥ ተቀንሶ በስንት ውኃ እንደሚፈላ፣ መቼ ከእሳት እንደሚወርድና ምን ያህል ሲበርድ ከሊጡ እንደሚቀላቀል፣ እርስዎ በዓይን የሚገምቱትን ሁሉ አንዷ ሠራተኛ በጣሳ እየለካች፣ ሰዓት እየያዘች በደብተር ትጻፈው። ከዚያም እርስዎ አጠገቧ ሆነው ሳይናገሩ ሥራውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ትወጣው፤ ዝም ማለቱ ከማስተማሩ ይልቅ እንደሚከብድዎ አምናለሁ። የደንበኞች ትእዛዝ የሚመጣበት ስልክም ከግል ስልክዎ ይለይ። ስለ ገንዘቡ ደግሞ፣ ለሚያምኑት ሰው በሰነዶች ማረጋገጫ መሥሪያ ቤት (በተለምዶ ውልና ማስረጃ በሚባለው) ልዩ ውክልና ሲሰጡ ሥልጣኑ በአንድ የባንክ ሒሳብ ብቻ እንዲወሰን በግልጽ ያስጽፉ።