ስሟ ሽፋኑ ላይ የለም

ሰላም እህቴ። ስምንተኛ ክፍል የምትማረው ልጅሽ ለየካቲት 29 የሴቶች ቀን ስለ አንዲት ታሪካዊ ሴት እንድትናገር በትምህርት ቤቷ ተመድባለች። «ሁሉም እቴጌ ጣይቱን ይዘዋል፤ ትልቅ ሥራ ሠርተው ስማቸው የማይነሣ ሴቶች ካሉ ንገሩኝ» ብለሽ የጻፍሽውንም አነበብኩ። እኔ እዚሁ ጅማ ሃያ ሁለት ዓመት ታሪክ አስተምሬአለሁ። የካቲት በገባ ቁጥር ይህን ጥያቄ ከአንድ ወላጅ ወይም ከአንድ ተማሪ እሰማለሁ። ብዙ የምለው ስላለኝ መልሴ ይረዝማል፤ ታገሺኝ።

ጣይቱ ስለተደጋገሙ ክብራቸው አይቀንስም። የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ የደበቀውን ተንኮል አልቀበልም ብለው የቆሙ፣ መቀሌ ላይ የጠላት ምሽግ ውኃውን እንዲያጣ ያደረጉ ሴት ናቸው። ግን በየዓመቱ እርሳቸው ብቻ ሲነሡ በልጆቹ ልብ ውስጥ የሚቀረውን አይቻለሁ። ከብዙ ዓመት በፊት ከኋላ ወንበር የምትቀመጥ ዝምተኛ ተማሪ ነበረችኝ። አንድ ቀን እጇን አውጥታ፣ «መምህር፣ ንግሥት ያልሆነች ሴት ታሪክ ውስጥ ትገባለች?» ብላ ጠየቀችኝ። ያን ቀን የሰጠኋት መልስ ደካማ ነበር፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ዛሬ ብትጠይቀኝ መጽሐፍ ቅዱስ ወደ ኦሮምኛ ሲመለስ ብዙ የደከመችውን አስቴር ጋኖን እነግራት ነበር። ለልጅሽም የምመርጥላት እርሷን ነው።

አስቴር የሊሙ ልጅ ናት። አዎ፣ ይህችው የእኛ ሊሙ፣ ቡናዋ በዓለም ገበያ የሚጠራው። የተወለደችው እ.ኤ.አ. በ1872 ገደማ ነው። በነጻነት ተወልዳ ኋላ በሊሙ እናርያ ንጉሥ እጅ ለባርነት ወደቀች። በዚያ ዘመን የጊቤ አገሮች፣ ሊሙንና ጅማን የመሰሉት የአካባቢያችን መንግሥታት፣ የባሪያ ንግድ የጦፈባቸው ነበሩ። እኛ ዛሬ ሐሙስ ሐሙስ ድንችና ማር የምንገዛበት የሂርማታ ገበያም ሰው ይሸጥበት ነበር። ለተማሪዎቼ ይህን ስነግራቸው ክፍሉ ጸጥ ይላል፤ ገበያውን ሁሉም ያውቁታላ። ከሊሙ እስከ ባሕር ዳርቻ ያለውን መንገድ በካርታ ላይ በጣቴ እየተከተልኩ አሳያቸዋለሁ፤ ጣቴ እንኳ ቶሎ አይደርስም።

አስቴር ቀይ ባሕርን ተሻግራ ዓረብ አገር ልትሸጥ በጀልባ ተጭና ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1886 የጣሊያን መርከቦች ጀልባዋን ያዙና ነጻ ወጣች። ያኔ አሥራ አራት ዓመት ገደማ ይሆናታል። የልጅሽን ዕድሜ አስቢው። ከዚያ ምጽዋ አጠገብ እምኩሉ በሚባል ቦታ የስዊድን ሚሲዮን ወደ ነበረው ትምህርት ቤት ገባች።

እዚያ ኦኔሲሞስ ነሲብ ነበር፤ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ለመመለስ የሚደክም ሰው። እርሱም በልጅነቱ ለባርነት ተሸጦ ምጽዋ ላይ ነጻ የወጣ ነው፤ ስሙን የምናከብረው በሚገባ ነው። ነገር ግን ከአገሩ የተነጠቀው ገና ሕፃን ሳለ ስለሆነ፣ ቋንቋው በሕዝብ አፍ እንደሚነገረው በጥልቀት አይመጣለትም ነበር። አስቴር ግን የእናቷን ቤት ቋንቋ ሙሉውን ይዛ ነው የመጣችው። ስለዚህ የኦሮምኛ መዝገበ ቃላት እንድታዘጋጅ ተመደበች። እ.ኤ.አ. በ1893 የታተመው የአዲስ ኪዳን ትርጉም የተቃናው በዚያ መዝገበ ቃላት ነው። የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮችን የያዘ መጽሐፍም ተረጎመች። ከዚህ ሁሉ በላይ እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ሌላው ሥራዋ ነው፤ አምስት መቶ ያህል የኦሮሞ እንቆቅልሾችን፣ ተረቶችን፣ ምሳሌዎችንና ዘፈኖችን ከትዝታዋ በጽሑፍ አሰፈረች። ብዙዎቹ እ.ኤ.አ. በ1894 ለጀማሪ አንባቢዎች በወጣው የንባብ መጽሐፍ ውስጥ ገቡ።

እስቲ ቆም ብለሽ አስቢው። ከቤቷ የተነጠቀች፣ ለባርነት የወደቀች፣ ዘመድ አልባ የቀረች ልጅ ናት። ሊነጥቋት የሚችሉትን ሁሉ ነጥቀዋታል። እናቷ ማታ ማታ እሳት ዳር ያጫወተቻትን ግን ማንም አልነጠቃትም። ያንን ይዛ ነው ቀይ ባሕር ድረስ የሄደችው፤ ያንኑ ነው በፊደል ያሰፈረችው።

ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ እ.ኤ.አ. በ1899 በግእዝ ፊደል ታተመ። ሽፋኑን የከፈተ ሰው በተርጓሚነት የሚያገኘው የኦኔሲሞስን ስም ነው። የአስቴር ስም የለም። እ.ኤ.አ. በ1904 ከኦኔሲሞስና ከሌሎች ጋር ወደ ወለጋ ተመልሳ ነቀምቴ ላይ መምህርት ሆነች፤ እ.ኤ.አ. እስከ 1964 ድረስም ኖረች። ይህም ማለት ዛሬ በሕይወት ያሉ አዛውንቶች በልጅነታቸው ሊያገኟት ይችሉ ነበር ማለት ነው። ያን ያህል ቅርብ ናት፤ እኛ ግን አናውቃትም።

ልጅሽ ሳይንስ የምትወድ ከሆነ ይህ በእኛ አገር ብቻ የደረሰ እንዳልሆነ ንገሪያት። እንግሊዛዊቷ ሮዛሊንድ ፍራንክሊን እ.ኤ.አ. በ1952 በቤተ ሙከራዋ የተነሣው የራጅ ምስል የዲኤንኤን፣ ዘር የሚወራረስበትን ቁስ፣ ቅርጽ ለማግኘት ዋና ፍንጭ ሆነ፤ ምስሉን ለሌሎች ያሳዩባት እርሷ ሳታውቅ ነው። እርሷ በ1958 ሞተች፤ የኖቤል ሽልማቱን በ1962 ሦስት ወንዶች ተቀበሉ።

ስለ አስቴር ለመጀመሪያ ጊዜ ክፍል ውስጥ ያስተማርኩበትን ዕለት ልንገርሽ። ሰኞ ነበር፤ ዝናብ ቆርቆሮውን ስለሚደበድበው ድምፄ አይሰማም። ጮክ ብዬ በኦሮምኛ «ሂቦ!» አልኩ። እኛ በአማርኛ «እንቆቅልሽ» ስንል «ምን አውቅልህ» እንደሚባለው፣ ግማሹ ክፍል በአንድ አፍ «ሂበካ!» ብሎ መለሰልኝ። ሳቁ፤ ታሪክ ክፍለ ጊዜ ላይ የቤታቸውን ጨዋታ ይሰማሉ ብለው አልጠበቁም። ከዚያ የአስቴርን ታሪክ ነገርኳቸውና የቤት ሥራ ሰጠሁ፤ እያንዳንዳቸው ከእናታቸው ወይም ከአያታቸው ሦስት እንቆቅልሽ ጽፈው እንዲያመጡ፣ ግርጌው ላይ ደግሞ የነገረቻቸውን ሰው ስም እንዲያሰፍሩ። በሚቀጥለው ሳምንት ደብተሮቹን ስሰበስብ እንቆቅልሾቹ ሞልተዋል፤ መልሱ የቡና ፍሬ የሆነ፣ መልሱ የንብ ቀፎ የሆነ። የግርጌው ስም ግን በብዙዎቹ የለም። «ለምን አልጻፍክም?» ብዬ አንዱን ስጠይቀው «አያቴ ናት እኮ» አለኝ። አያቱ ስለሆነች ስሟ የማይጻፍ መሰለው። ደብተሩን መልሼ ሰጠሁት፤ በማግስቱ የአያቱን ስም ከነአባቷ ጽፎ አመጣ። «ስሟን ስጠይቃት ለምን ብላ ደነገጠች» አለኝ።

ልጅሽ ንግሥት ትፈልጋለች ካልሽም ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ጅሬን ኮረብታ ላይ ያለውን የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት አብራችሁ ጎብኙ። ስለ ጅማው ንጉሥ ስለ ዳግማዊ አባ ጅፋር ቁመትና ሀብት ብዙ ትሰማላችሁ። እናንተ ግን ስለ እናታቸው ስለ ጉሚቲ ጠይቁ። እ.ኤ.አ. በ1882 ምኒልክ የጎጃምን ጦር ድል ካደረጉበት ከእምባቦ ጦርነት በኋላ የምኒልክ ኃይል ወደዚህ ሲዞር፣ ልጃቸው ከመዋጋት ይልቅ በሰላም ገብሮ አገሩን እንዲያቆይ የመከሩት እርሳቸው መሆናቸው ይነገራል። ወላይታ እ.ኤ.አ. በ1894፣ ከፋ በ1897 በጦርነት ምን እንደደረሰባቸው የሚያውቅ ሰው የዚያን ምክር ክብደት ይረዳዋል። ጅማ ግብሯን እየከፈለች የውስጥ አስተዳደሯን እስከ አባ ጅፋር ዘመን ፍጻሜ ይዛ ቆየች። መገበርን እንደ ውርደት የሚያየው ይኖራል። እኔ በበኩሌ ሕዝብን ከእልቂት ያተረፈ ምክር ከድል ጋር እኩል ሊቆጠር ይገባል እላለሁ።

ጎረቤታችን ጌራም እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ መጨረሻ በሴት እጅ ነበረች። ገነ ፋ በሚል ስም የምትታወቀው ንግሥት አንቶኒዮ ቼኪና ጆቫኒ ኪያሪኒ የተባሉ ሁለት ጣሊያናውያን አሳሾችን ይዛ አሰረች። ኪያሪኒ በ1879 እዚያው ሞተ፤ ቼኪ ተፈትቶ አገሩ ገብቶ መጽሐፍ ጻፈ። ስለዚህች ሴት የተጻፈው በዋናነት ካሰረችው ሰው ብዕር የወጣ ነው፤ ጨካኝ ናት ይላል፣ ምን ይበል? በየአቅጣጫው ጠመንጃ የያዘ በሚመጣበት ዘመን አንዲት የአገር ገዢ መንገዱን ሲለካና ሲመዘግብ ያገኘችውን የውጭ ሰው ብትጠረጥር እኔ አልፈርድባትም። ልጅሽ ስለ እርሷ ብትናገር፣ «ይህን የጻፈው ማን ነው?» ብላ እንድትጀምር አድርጊያት።

ከእነዚህ ራቅ ብላ ደግሞ ንግሥት እሌኒ አለች፤ የሐድያ ገዢ ልጅ፣ ከሙስሊም ቤት ተወልዳ በክርስቲያኑ ቤተ መንግሥት የነገሠች። ሕፃኑ ልብነ ድንግል ሲነግሥ አገሩን በሞግዚትነት የመራችው እርሷ ናት። የኦቶማን ኃይል በቀይ ባሕር ላይ እየበረታ መሆኑን ቀድማ አይታ፣ ኅብረት እንዲጠይቅላት ማቴዎስ የተባለ አርመናዊ ነጋዴ ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ ላከች። መልእክተኛው በሕንድ በኩል ዞሮ ሊዝበን የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1514 ነው፤ የፖርቱጋል ልዑካን ይዘውት ምጽዋ የደረሱት ደግሞ በ1520። ማቴዎስ ያን ሁሉ ባሕር አቋርጦ ብዙም ሳይቆይ በደብረ ቢዘን ገዳም አካባቢ ሞተ። ያኔ ልብነ ድንግል ጎልምሶ ስለነበር የአሮጊቷ ንግሥት አሳብ ቸል ተባለ። ከአሥር ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ የግራኝ አሕመድ ጦርነት መጣ፤ በ1541 አራት መቶ ፖርቱጋላውያን ለእርዳታ ሲገቡ እሌኒ ከሞተች ሃያ ዓመት ገደማ ሆኗታል። እርሷ ያየችውን ሌሎቹ ያዩት ከጥፋቱ በኋላ ነው።

ስለ እሌኒ የምትፈልጉ ከሆነ ከስዕሎች ተጠንቀቁ። አንድ ተማሪዬ «የንግሥት እሌኒ ፎቶ» ብሎ ከኢንተርኔት አትሞ አመጣ፤ ፎቶግራፍ የተፈለሰፈው እኮ እርሷ ካረፈች ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ ነው። በሥዕሉ ያለችው ሴት ማን እንደሆነች እግዚአብሔር ይወቅ፤ የእርሷም ስም በሌላ ስም ተሸፍኖ ቀርቷል።

ስንዱ ገብሩንም አትርሱ። ከጣሊያን ወረራ በኋላ ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር ተሰልፋ ነበር፤ ያ ጦር በታኅሣሥ 1929 እንደ እኛ አቆጣጠር እጁን የሰጠው ወደ ቦንጋ ስንሄድ በምንሻገረው ጎጀብ ወንዝ ዳር ነው። እርሷ ተይዛ ጣሊያን አገር ታስራ ተመለሰች፤ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን መራች፤ እ.ኤ.አ. በ1957 ተመርጣ ፓርላማ የገባች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ድልድዩን በተሻገርኩ ቁጥር አስባታለሁ።

አሁን ወደ ልጅሽ። ሁሉንም እንድትናገር አታድርጊ፤ አንዲት ሴት በደንብ ትበቃለች። ንግግሯን በልደት ቀን አትጀምር፤ ከባሕሩ ትጀምር፣ ከጀልባዋ፣ ከአሥራ አራት ዓመቷ ልጅ። ከዚያ ወደ ኋላ ወደ ሊሙ ትመለስ። መሐል ላይ «ሂቦ!» ትበል፤ ጅማ ነውና የሚመልስላት አታጣም። ከአያቷ አንድ እንቆቅልሽ ይዛ ትሂድ፤ ከመናገሯ በፊትም የአያቷን ሙሉ ስም ለአዳራሹ ትንገር።

ለመለማመድ የሚሰማት ሰው ከፈለገች ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤት ነኝ፤ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ።