ሕፃን ሲቆጥር ተመልከቱ፦ ለወጣት የቅድመ መደበኛ መምህራን

ውድ ወጣት የሙያ ባልደረቦቼ፣

ለቅድመ መደበኛ መምህርነት ከሚሠለጥኑት መካከል ብዙዎች የሒሳቡን ክፍል አቅልለው ያዩታል፤ እስከ ሃያ መቁጠርና ክብን ከሦስት ማዕዘን መለየት ለአዋቂ ምን ያስቸግራል ይላሉ። ዕድሜዬን ሕፃናትን በማስተማርና መምህራንን በማሠልጠን ያሳለፍኩ እንደመሆኔ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የምመክራችሁ ሕፃን ሲቆጥር መመልከትን ዋና የሙያ ክህሎት አድርጋችሁ እንድትይዙት ነው።

አንድ የሦስት ዓመት ልጅ የቁጥር ስሞችን እስከ አሥር ሳይሳሳት ሊደረድር ይችላል፤ «ሦስት ጠጠር ስጠኝ» ሲባል ግን ያገኘውን አፍሶ ይሰጣል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ካረን ዊን በ1990 እና በ1992 እ.ኤ.አ. ባሳተመቻቸው ጥናቶች እንዳሳየችው፣ ልጆች በመጀመሪያ የአንድን ትርጉም ብቻ፣ ከወራት በኋላ የሁለትን፣ ቀጥሎም የሦስትን ይይዛሉ፤ መጨረሻ ላይ የተጠራው ቁጥር የጠቅላላው ብዛት መሆኑ የሚገባቸው ከዚያ ወዲህ ነው። ስለዚህ አምስት ጠጠር ቆጥሮ ሲያበቃ «ስንት ናቸው?» ብትሉት እንደገና ከአንድ የሚጀምር ልጅ ሰነፍ አይደለም፤ ገና ያልያዘው ነገር ምን እንደሆነ በትክክል እያሳያችሁ ነው። አንዱን ጠጠር ሁለት ጊዜ የሚነካው ልጅ ችግር ደግሞ ሌላ ነው፤ ለእያንዳንዱ ዕቃ አንድ ስም ብቻ መስጠት ገና አልሆነለትም። ለሁለቱም «ተሳስተሃል፣ ድገም» የሚል መምህር አንዳቸውንም አልረዳም። ለመጀመሪያው ጥቂት ዕቃ አብሮ ቆጥሮ «ሦስት፤ ሦስት ጠጠር አለን» እያሉ ብዛቱን መሰየም፣ ለሁለተኛው የተቆጠረውን ወደ ጎን እያደረጉ መቁጠርን ማሳየት ይጠቅማል።

እንዲህ ያለው አስተዋይነት በገለጻ ብቻ አይገኝም። በብዙ ሥልጠናዎች የማየው፣ የሚያምሩ ሥዕሎችና ካርዶች ሲዘጋጁ ጊዜው አልቆ ልጁ ራሱ ሳይታይ መቅረቱን ነው፤ ይህ እጅግ ያሳዝነኛል። ሠልጣኙ ከአንድ ልጅና ከጥቂት ጠጠሮች ጋር ይቀመጥ፤ ልጁ ያለውንና ያደረገውን እንዳለ ይጻፍ፤ «ጎበዝ ነው» ወይም «ደካማ ናት» የሚል ፍርድ ከማስታወሻው ይውጣ፤ የትምህርት ዕቅዱም ከዚያ በኋላ ይዘጋጅ።

አዋቂ የልጁን ድካም እንዲረዳ የማሠራው አንድ ልምምድ አለ። የቁጥር ስሞችን ትታችሁ በፊደል ተራ ቁጠሩ፦ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ፣ ረ፣ ሰ። ከዚያም መ ላይ ለ ሲደመር ምን እንደሚሆን፣ ከሰ ላይ ሐ ሲቀነስ ምን እንደሚቀር ወደ ቁጥር ሳትመልሱ ንገሩኝ። በትምህርቱ የገፋ ሰው ሳይቀር ጣቱን ማንሳት ያምረዋል፤ ይህን የቀመሰ ሠልጣኝ «በጣትህ አትቁጠር» ብሎ ልጅን ለመቆጣት አይቸኩልም።

በግልጽ ልንነጋገርበት የሚገባ ሌላ ጉዳይ መምህሩ ራሱ ይዞት የሚመጣው ፍርሃት ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ሲያን ባይሎክና ባልደረቦቿ በ2010 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ የአንደኛና የሁለተኛ ክፍል ሴት መምህራን ሒሳብን በፈሩ መጠን፣ በዓመቱ መጨረሻ ሴት ተማሪዎቻቸው «በሒሳብ ጎበዞቹ ወንዶች ናቸው» ብለው የማመን ዝንባሌያቸው ጨምሮ፣ እንዲህ ያመኑት ልጆች ውጤትም ዝቅ ብሎ ተገኝቷል፤ በዓመቱ መጀመሪያ ግን ይህ ግንኙነት አልነበረም። «አትፍሩ» የሚል ምክር ይህን አያስወግደውም። የሚያስወግደው፣ ሠልጣኞች «ለምን እንዲህ ሆነ?» እየተባሉ ራሳቸው ሒሳብ የሚሠሩበት፣ ሲሳሳቱም የማያፍሩበት በቂ ጊዜ ነው፤ የሥልጠናችሁ መርሐ ግብር ይህን ካልሰጣችሁ ጠይቁ።

የመጀመሪያ ሥራችሁን ስትመርጡም፣ ልምድ ያለው ሰው ክፍላችሁ ገብቶ ስትሠሩ የሚያያችሁን፣ ከዚያም ልጆቹ ስላሉት ነገር አብሯችሁ ተቀምጦ የሚወያየውን ትምህርት ቤት ፈልጉ፤ የጥቂት ቀናት ሥልጠና ብቻውን የክፍል ልማድን ሲለውጥ እምብዛም አላየሁም።