አንደኛ የምትወጣው ልጄ ስትኮርጅ ተያዘች

ጥያቄ፦ የ16 ዓመት ልጅ አለችኝ፤ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ከልጅነቷ ጀምሮ ጎበዝ ናት፣ ከአንደኛ ወይም ከሁለተኛ ወርዳ አታውቅም። ባለፈው ወር በሒሳብ ፈተና ላይ አጤሬራ ይዛ ተገኘች። ካልኩሌተሯ ክዳን ውስጥ በጥቃቅን ፊደል ፎርሙላ የሞላበት ወረቀት ደብቃ ነበር። መምህሯ አስጠርተው ወረቀቱን ሲያሳዩኝ «የሚገርመው ግማሹ ያለፈው ዓመት ትምህርት ነው» አሉኝ። ዜሮ ተሰጣት። አባቷ ከዚያ ቀን ወዲህ አያናግራትም። እኔም ስልኳን ቀምቻታለሁ። ስንጠይቃት «ሁሉም ይኮርጃል» ከማለት በቀር ቃል አይወጣትም። ምን አጎደልንባት? የሚያስፈልጋትን ሁሉ አሟልተናል። ዘመዶቻችን ልጆቻቸውን «እንደ እሷ ሁኑ» እያሉ ነው የሚያሳድጉት፤ ይህን ቢሰሙ ምን እላለሁ? ባለቤቴ ከርዕሰ መምህሩ ጋር የሚቀራረብ ሰው ስላለው ዜሮው እንዲነሣላት እየሞከረ ነው። እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን ሌላ ነው። ልጄን እንዴት ወደ ቀድሞ ታማኝነቷ ልመልሳት? እንዴትስ ዳግመኛ ልመናት?

መልስ፦ እህቴ፣ በደብዳቤዎ ውስጥ ከሁሉ በላይ ልቤን የያዘው መምህሯ ነገሩኝ ብለው በአንድ መስመር ያለፉት ነገር ነው። የወረቀቱ ግማሽ ያለፈው ዓመት ትምህርት ነበር።

ተማሪ አጤሬራ ላይ የሚጽፈው ጭንቅላቱ ውስጥ የሌለውን ነው። ያለፈው ዓመት ፎርሙላ በዚህ ዓመት ሳይታሰብ እጅ ላይ የሚመጣ መሆን ነበረበት። ስለዚህ ሒሳብ ከልጅዎ እጅ ያመለጠው ባለፈው ወር አይመስለኝም። ባለፈው ዓመት አንድ ቦታ ላይ አልገባት አለ፤ መምህሩ ወደሚቀጥለው ምዕራፍ አለፉ፤ አዲሱ ትምህርት ባልገባት ላይ ተደረበ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ ራሷን ስትነቀንቅ፣ ያልገባትን እየሸመደደች ስትፈተን፣ ካርዷን ይዛ ስትመጣና እናንተ ስትደሰቱ ኖራለች። ያንን ወረቀት በጥቃቅን ፊደል ለመሙላት ሌሊቱን ሳትቀመጥ አልቀረችም። ሰነፍ ልጅ ይህን አይሠራም። ይህ ሁለት ቃል ተናግሮ እርዳታ ከመጠየቅ ይልቅ ሌሊቱን መጻፍ የቀለላት ልጅ ሥራ ነው። ሁለቱ ቃላት «ሒሳብ አልገባኝም» የሚሉት ናቸው።

ለምን አልተናገረችም? እርስዎ «ምን አጎደልንባት?» ብለዋል። ያጎደላችሁባት ነገር እንደሌለ አምናለሁ፤ ጥያቄው ግን እሱ አይመስለኝም። ስለ ልጅዎ ከጻፉልኝ ውስጥ ጎበዝ መሆኗን፣ ደረጃዋን፣ የዘመድ ልጆች አርአያ መሆኗን አውቄያለሁ። ምን እንደምትወድ፣ ምን እንደሚያስፈራት፣ በተያዘችበት ቀን ቤት ስትገባ ፊቷ ምን ይመስል እንደነበር ግን አልነገሩኝም። ይህን የምለው እንደማይወዷት ለመናገር አይደለም። ባይወዷት ኖሮ አይጽፉልኝም ነበር። የምለው እናንተ ልጅቷን የምታዩበት መስኮት እየጠበበ መጥቶ ውጤት ብቻ የሚታይበት እንደሆነ ነው። እሷም ይህን ሳታውቀው አልቀረችም።

«ጎበዝ» የሚለው ስም ለልጅ ስጦታ ይመስላል። ነገር ግን በየዓመቱ እየተከፈለ የሚኖር ዕዳ ሊሆን ይችላል። ካንግ ሊ የተባሉ ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጡት ጥናት አለ። የ3 እና የ5 ዓመት ሕፃናትን ካርድ አጫወቱ፤ የተደበቀው ቁጥር ከ6 ይበልጣል ወይስ ያንሳል ብሎ መገመት ነው ጨዋታው። አንዳንዶቹ «በጣም ብልህ ነሽ» ተባሉ፤ ሌሎቹ «አሁን በደንብ ሠርተሻል» ተባሉ፤ ለቀሩት ምንም አልተባለም። ከዚያ አጫዋቿ «ካርዱን እንዳታዪ» ብላ ከክፍሉ ወጣች። ካርዱን ሰርቀው ያዩት በብዛት ብልህ የተባሉት ሆኑ። የ3 ዓመት ልጅ እንኳ የተሰጠውን ስም ላለማጣት ሰርቆ ሊያይ ይችላል ማለት ነው።

ከዚያ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ1998 ክላውዲያ ሙለርና ካሮል ድዌክ የተባሉ ተመራማሪዎች የ5ኛ ክፍል ተማሪዎችን ከባድ ጥያቄ ሰጥተው፣ በሌላ ትምህርት ቤት ላለ ለማያውቁት ልጅ ውጤታቸውን እንዲጽፉ ጠይቀው ነበር። በብልህነታቸው ከተመሰገኑት ወደ 40 በመቶ የሚጠጉት ውጤታቸውን ከፍ አድርገው ጻፉ፤ በጥረታቸው ከተመሰገኑት ግን ይህን ያደረጉት ጥቂቶች ናቸው። መቼም ለማያገኙት ልጅ ነው የዋሹት። እንግዲህ የእርስዎ ልጅ በየዕለቱ የምታያቸውን አባቷን፣ እናቷንና ዘመዶቿን አስቡላት። በእሷ ጆሮ «አልገባኝም» ማለት ማንነቷን ማስረከብ ነው።

እንዲህ ስል ጥፋቷን እያቀለልኩ አይደለም። አጥፍታለች። ያልኮረጀው ልጅ በራሱ ያገኘውን 60 ይዞ ከእሷ በታች ደረጃ ሲሰጠው ተበድሏል። መምህሩ ክፍሉ የገባው መስሏቸው ያለፉት ምዕራፍ አለ። «ሁሉም ይኮርጃል» ያለችው ጨርሶ ሐሰት ላይሆን ይችላል። ዶናልድ ማኬብ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ በኮሌጅ ተማሪዎች ላይ ባደረጋቸው ጥናቶች፣ ተማሪን ወደ ኩረጃ በመግፋት ረገድ ጓደኞች ሲኮርጁ ማየት ከሁሉ የበረታ ሆኖ አግኝቶታል። ሆኖም ይህ ለምን እንደቀለላት ይነግረናል እንጂ ትክክል አያደርገውም፤ እሷም ይህን ከእናንተ መስማት አለባት።

«ወደ ቀድሞ ታማኝነቷ» ስላሉት ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ሃርትሾርንና ሜይ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1928 ባሳተሙት፣ ወደ 11 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችን ባካተተ ጥናት፣ አንድ ልጅ እዚህ አታሎ እዚያ ታማኝ ሆኖ አገኙት። ልጅዎም ባለፈው ወር በድንገት ሌላ ሰው አልሆነችም። ታማኝ መሆን በጣም የከበዳት አንድ ቦታ አለ፤ እሱን ማቅለል በእናንተ እጅ ነው።

አሁን ደስ ወደማይልዎ ነገር ልምጣ። ባለቤትዎ ዜሮውን ለማስነሣት እየሞከሩ ነው ብለው፣ «እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን ሌላ ነው» በማለት አልፈውታል። ሌላ ግን አይደለም። ልጅቷ ያደረገችው ሒሳቡ ሳይገባት ውጤቱ እንዲስተካከል ነው። ባለቤትዎ የሚሞክሩት ሒሳቡ ሳይገባት ውጤቱ እንዲስተካከል ነው። ቢሳካላቸው ያልኮረጁት ልጆች ሁለተኛ ጊዜ ይበደላሉ፤ ልጅዎም ጥፋቷ መኮረጇ ሳይሆን መያዟ እንደነበር ትማራለች። እርስዎም እያወቁ ዝም ካሉ፣ ስለ ታማኝነት የሚነግሯት ነገር አይገባትም። የትምህርት ቤቱ ደንብ ለማንኛውም ተማሪ ድጋሚ ፈተና የሚፈቅድ ከሆነ በግልጽ አመልክቱ፤ መብቷ ነው። በሰው በኩል የሚሆነው ግን ቢቀር እመክራለሁ። ዜሮውን ተሸክማ ማለፍ ትችላለች። የ16 ዓመት ልጅ ናት፤ ዕድሜዋ ገና ነው።

የአባቷ ዝምታም ያሳስበኛል። የልጅቷ ችግር መናገር አለመቻል ሆኖ ሳለ ቅጣቱ ዝምታ ሆነባት። ቁጣቸው ተገቢ ሊሆን ይችላል፤ ቁጣቸውን በቃል ይንገሯት።

ምን ላድርግ ካሉኝ፣ ሁላችሁም በረድ ባላችሁበት ሰዓት «ለምን ኮረጅሽ?» የሚለውን ትተው «ሒሳብ ማስቸገር የጀመረሽ ከየት ነው?» ብለው ይጠይቋት። ከዚያ ይጠብቁ። የመጀመሪያው መልስ «እኔ እንጃ» ሊሆን ይችላል፤ በሌላ ቀን እንደገና ይጠይቋት። ወረቀቱን አይተው ያንን ያስተዋሉት መምህር ጥሩ ዓይን ያላቸው ይመስላሉ፤ ያለፈውን ዓመት ከሥሩ የሚያስጀምራት ሰው እንዲጠቁሟችሁ ጠይቋቸው። እሷም ሄዳ በራሷ አፍ ይቅርታ ብትጠይቃቸው መልካም ነው፤ እርስዎ ግን ስለ እሷ ሆነው አይናገሩላት። ስልኳ የሚመለስበትን ቀን ይንገሯት፤ ማብቂያ የሌለው ቅጣት መደበቅን ነው የሚያስተምረው። መተማመኑ በአንድ ወር አይመለስም። ቦርሳዋን መበርበር ደግሞ ያዘገየዋል። ዝቅ ያለ ውጤት ይዛ መጥታ ራሷ ያሳየችዎት ቀን፣ ቁጥሩ ምንም ይሁን ምን፣ ያንን ቀን አይዘንጉት። በዚያ ቀን የሚሉት ቃል ከእኔ ምክር ሁሉ ይበልጣል።

እኔ ያየሁት ደብዳቤ ብቻ ነው፤ የእሷን ድምፅ አልሰማሁም፣ የገመትኩትም ሊሳሳት ይችላል። ስለዚህ ከትምህርት ቤቱ አማካሪ ወይም ከቤተሰብ አማካሪ ጋር ፊት ለፊት ብትገናኙ ይሻላል፤ የሚቻል ከሆነ አባቷም ባሉበት። መጀመሪያ እናንተ ሁለታችሁ ብትሄዱና እሷ በኋላ ብትቀላቀል «በሽተኛዋ እኔ ነኝ» የሚል ስሜት አያድርባትም። እስከዚያው እንቅልፏንና አመጋገቧን ልብ ይበሉ። ራሷን ከሰው ካገለለች፣ ወይም መኖር እንዳስጠላት የሚያሳይ ነገር ከተናገረች፣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ወደ ባለሙያ ይውሰዷት።