ለማስተርስ ወደ ጀርመን ማመልከት፦ ጥያቄና መልስ

ሁለተኛ ዲግሪዬን በጀርመን ከተማርኩ ወዲህ ማመልከቻ የሚያዘጋጁ ታናናሾቼን ሰነድ እየተቀበልኩ ሳይ ቆይቻለሁ። ከተሰናከሉት ማመልከቻዎች ብዙዎቹን ያሰናከላቸው አመልካቹ ገና አገር ቤት ሳለ ሊያስተካክለው ይችል የነበረ ወረቀት ነው። ስለዚህም የቀረቡልኝን ጥያቄዎች ስመልስ በሰነዱ ጉዳይ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ።

ጥያቄ፦ በመጪው ሰኔ እመረቃለሁ። ከዚያ ቀጥሎ በሚመጣው ጥቅምት ጀርመን ትምህርት መጀመር እችላለሁ?

ለዚያ ጥቅምት ይደርሳል ብዬ ተስፋ ልሰጥህ አልፈልግም። በእንግሊዝኛ ከሚሰጡት የማስተርስ ፕሮግራሞች ብዙዎቹ ለውጭ አገር አመልካች የሚዘጉት አንተ ገና የመመረቂያ ጽሑፍህን በምትጽፍበት ወቅት ነው። እስከ ጁላይ 15፣ በእኛ አቆጣጠር እስከ ሐምሌ 8 ድረስ የሚቀበሉም አሉ፤ ነገር ግን በሐምሌ አመልክቶ፣ በነሐሴ የቅበላ ደብዳቤ አግኝቶ፣ የኤምባሲ ቀጠሮ ጠብቆና ቪዛ ወስዶ ለጥቅምት የሚደርስ ሰው እጅግ ጥቂት ነው። ዓመቱን ለዝግጅት ብትሰጠው ይሻላል። የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና የሆነው የአይኤልትስ ውጤት የሚያገለግለው ለሁለት ዓመት ስለሆነ ፈተናውን በጣም አስቀድመህ አትውሰድ።

ከግቢ ሳትወጣ ግን አንድ ነገር አድርግ። የጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች የተማርካቸው ኮርሶች ከሚፈልጉት ጋር መመሳሰላቸውን የሚያዩት በርዕሳቸው ብቻ ሳይሆን በይዘታቸውም ጭምር ነው። ስለዚህ የእያንዳንዱን ኮርስ ዝርዝር መግለጫ ከትምህርት ክፍልህ በማኅተም ተረጋግጦ ውሰድ። ከተመረቁ በኋላ ለአንዲት ማኅተም ከአዲስ አበባ ጅማ ወይም ጎንደር ድረስ የተመላለሱ ልጆች አውቃለሁ።

ጥያቄ፦ የአያቴ ስም በዲግሪዬ ላይ ተያይዞ፣ በ12ኛ ክፍል ሰርተፊኬቴ ላይ ተለያይቶ፣ በፓስፖርቴ ላይ ደግሞ በሌላ የላቲን ፊደል ተጽፏል። ችግር ይፈጥርብኛል?

ሊፈጥርብሽ ይችላል፤ ብዙ ሰው ከሚንቃቸው ጉዳዮች አንዱም ይኸው ነው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የራሳችን ስም፣ የአባትና የአያት ስም ነው ያለን፤ ወደ ላቲን ፊደል ሲገለበጥም እያንዳንዱ ጸሐፊ እንደ ጆሮው ይጽፈዋል። «ጸሐይ» የሚለው ስም መጨረሻው በአንዱ ወረቀት «ዋይ»፣ በሌላው «አይ» ቢሆን ለእኛ አንድ ሰው ነው፤ ማመልከቻውን ለሚመዘግበው የጀርመን ሠራተኛ ግን ሁለት የተለያዩ ሰዎች ሊመስሉት ይችላሉ። በእኔም ዲግሪ ላይ ከአባቴ ስም አንዲት ፊደል ጎድላ ነበር። እርሷን ለማስተካከል አንድ ሬጅስትራር ቢሮ ደጋግሜ ተመላልሼ፣ በመጨረሻ ደብዳቤው በእጄ የገባው ላመለክትበት ያሰብኩት ፕሮግራም ከተዘጋ በኋላ ነበር።

መሠረቱ ፓስፖርትሽ ይሁን። በእርሱ ላይ የቤተሰብ ስም ተብሎ የሰፈረውን እንዳለ በማመልከቻው፣ በአይኤልትስ ምዝገባና በኤምባሲው ቅጽ ላይ ተጠቀሚበት። የማይመሳሰለው ሰነድ ከዩኒቨርሲቲሽ የወጣ ከሆነ፣ የሚቻል ከሆነ እንዲታረም፣ ካልተቻለም ሁለቱ አጻጻፎች የአንድ ሰው ስም መሆናቸውን የሚገልጽ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ እንዲጻፍልሽ ጠይቂ።

የልደት ቀንሽንም አብረሽ መርምሪ። ሐምሌ 1 ቀን 1991 ዓ.ም. የተወለደ ሰው በአውሮፓ አቆጣጠር የተወለደው ጁላይ 8 ቀን 1999 ነው። ዓመቱ ሳይለወጥ እንዳለ 1991 ተብሎ የተጻፈበት የትምህርት ማስረጃ አይቼ አውቃለሁ፤ በወረቀቱ መሠረት ልጁ ስምንት ዓመት አርጅቷል።

ጥያቄ፦ የወጪ መጋራት ዕዳዬን አልከፈልኩም፤ በእጄ ያለው ቴምፖራሪና ስቱደንት ኮፒ ብቻ ነው። በእነዚህ ማመልከት ይቻላል?

ለመጀመሪያው ማመልከቻ በስካን የሚቀበሉት ዩኒቨርሲቲዎች አሉ፤ ሲመዘገቡ ግን ዋናውን ዲግሪና ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ይጠይቃሉ። እነዚህን ዩኒቨርሲቲዎ በተለምዶ የሚሰጥዎ ዕዳው ከተዘጋ በኋላ ስለሆነ፣ ከቲኬት በፊት ለዚህ ገንዘብ ያስቀምጡ።

ጥያቄ፦ ጠቅላላ ውጤቴ 2.9 ነው። ተስፋ አለኝ?

የጀርመን ውጤት ከእኛ የተገላቢጦሽ ነው፤ 1.0 ከሁሉ የላቀ ሲሆን 4.0 የማለፊያ ጠርዝ ነው። ስሌቱ እንዲህ ነው፦ ከከፍተኛው 4.00 ላይ ያንተን 2.9 ቀንስ፣ 1.1 ይቀራል፤ ይህን በከፍተኛውና በማለፊያው 2.00 መካከል ላለው ልዩነት፣ ለ2 አካፍል፤ በ3 አባዛና 1 ጨምርበት። ውጤቱ 2.65 ይመጣል። ብዙ ፕሮግራሞች 2.5 ወይም ከዚያ የተሻለ ይጠይቃሉ፤ ይህም በእኛ 3.00 መሆኑ ነው። ስለዚህ ለአንተ የተዘጋው በር አንድ ክፍል እንጂ ሁሉም አይደለም፤ መነሻ ውጤት ያልወሰኑ ወይም በጀርመን ስሌት እስከ 3.0 ድረስ የሚቀበሉ ፕሮግራሞችን ለይተህ ፈልግ። ለማይቀበሉህ አምስት ዩኒቨርሲቲዎች የማመልከቻ ክፍያ ከመክፈል ለሚቀበሉህ ሁለቱ በደንብ መዘጋጀት ይሻላል።

ጥያቄ፦ ጀርመን ትምህርት ነጻ ነው ይባላል። ታዲያ ገንዘቡ ለምንድን ነው የሚጠየቀው?

በአብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ለማስተርስ የሚከፈለው የሴሚስተር መዋጮ ብቻ ነው። በባደን ቩርተምበርግ ክፍለ ግዛት ግን ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የመጣ ተማሪ እ.ኤ.አ. ከ2017 መኸር ጀምሮ በየሴሚስተሩ 1,500 ዩሮ ይከፍላል፤ የሙኒክ ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲም ክፍያ ጀምሯል። ከባዱ የመኖሪያው ወጪ ነው። ለቪዛ፣ አንድ ዓመት ራስዎን እንደሚያኖሩ ብሎክድ አካውንት በሚባል የተቆለፈ የባንክ ሒሳብ 11,904 ዩሮ አስገብተው ማሳየት ይጠበቅብዎታል። ገንዘቡ የእርስዎ ነው፤ እዚያ ከደረሱ በኋላ በየወሩ 992 ዩሮ እየተለቀቀ ይሰጥዎታል። ጀርመን የሚኖር ዘመድ ካለዎት፣ በሚኖርበት ከተማ የውጭ ዜጎች ጉዳይ ቢሮ ቀርቦ ወጪዎን እንደሚሸፍን ግዴታ ሊፈርም ይችላል። ይህ ፊርማ እንደ ቀላል ውለታ የሚጠየቅ አይደለም፤ መንግሥት ለእርስዎ ያወጣውን ወጪ ከዘመድዎ ሊያስመልስ ስለሚችል፣ አስቀድማችሁ በግልጽ ተነጋገሩበት።

ጥያቄ፦ ሦስት ዓመት በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠርቻለሁ። ስኮላርሺፕ አገኛለሁ?

ዳድ (DAAD) የተባለው የጀርመን የአካዳሚክ ልውውጥ ድርጅት የሚሰጠውን «ኢፖስ» የተባለ የስኮላርሺፕ መርሐ ግብር ይመልከቱ። የሚፈልገው ቢያንስ ሁለት ዓመት ከሙያው ጋር የተያያዘ የሥራ ልምድ ሲሆን፣ የመጨረሻው ዲግሪዎ ከተገኘ በተለምዶ ከስድስት ዓመት ያልበለጠ መሆን አለበት። ለእርስዎ ዓይነት ሰው ከዚህ የተሻለ በር አላውቅም። በማመልከቻ ደብዳቤዎ ላይ ስለ አገር ልማት በጥቅሉ አይጻፉ፤ በጠረጴዛዎ ላይ ያለውን ችግር ይጻፉ። በመስኖ ጽሕፈት ቤት የሚሠራ አንድ አመልካች፣ ቦዩ በየክረምቱ በደለል የሚሞላበትን ምክንያትና ለማስላት የጎደለውን እውቀት በሁለት አንቀጽ ሲያስረዳ ካነበብኩ በኋላ፣ ለሌሎቹም ሁሉ የምመክረው ይህንኑ ሆኗል።

ጥያቄ፦ መምህሬ የድጋፍ ደብዳቤውን «ጽፈሽ አምጪው፣ እፈርምልሻለሁ» አሉኝ። ምን ላድርግ?

መምህራን የሥራ ጫና ስላለባቸው የተለመደ ሆኗል፤ ይሁንና ጉዳቱ ትልቅ ነው። የድጋፍ ደብዳቤውና አንቺ የጻፍሽው ማመልከቻ በአንድ አጻጻፍ ከመጡ አንባቢው ያውቀዋል። በምትኩ አንድ ገጽ ማስታወሻ አዘጋጅተሽ ስጫቸው፦ የትኛውን ኮርስ እንዳስተማሩሽ፣ ምን ውጤት እንዳገኘሽ፣ በየትኛው ፕሮጀክት ላይ እንዳማከሩሽ። ከዚያ ላይ ተነሥተው ራሳቸው ቢጽፉ ሥራው ይቀልላቸዋል። ጊዜ ከሌላቸው፣ በክብር አመስግነሽ በቅርብ የሚያውቅሽን ሌላ መምህር ጠይቂ።

ጥያቄ፦ ልጄ 12ኛ ክፍል ጨርሷል። አንድ ኤጀንሲ በብዙ ገንዘብ ጀርመን ዩኒቨርሲቲ አስገባዋለሁ ይለኛል። ልክፈል?

እናቴ፣ አይክፈሉ። የቅበላ ውሳኔ የዩኒቨርሲቲው ነው፤ አስገባለሁ የሚል ሰው በእጁ የሌለውን እየሸጠልዎ ነው። የእኛን የ12ኛ ክፍል ማስረጃ የያዘ ተማሪ ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያ «ሽቱዲየንኮሌግ» የሚባለውን የአንድ ዓመት መሰናዶ ተምሮ ፈተናውን ማለፍ ይጠበቅበታል፤ ለዚያም ጀርመንኛ ያስፈልገዋል። ገንዘቡን ለቋንቋ ትምህርት ያውሉት። ሰነድ መርምሮ ለብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የሚያስተላልፈው ኡኒ አሲስት ለመጀመሪያው ማመልከቻ 75 ዩሮ፣ በዚያው ሴሚስተር ለሚጨመረው ለእያንዳንዱ 30 ዩሮ ነው የሚያስከፍለው፤ ልጅዎም ቅጹን ራሱ ሊሞላው ይችላል።

ጥያቄ፦ እየሠራሁ መማር እችላለሁ?

በዓመት 140 ሙሉ ቀን ወይም 280 ግማሽ ቀን መሥራት ይፈቀድልሃል፤ ከተመረቅክ በኋላም ሥራ ለመፈለግ እስከ 18 ወር የመቆያ ፈቃድ አለ። የመጀመሪያውን ሴሚስተር ግን በሥራ ገቢ ላይ ተመሥርተህ አታቅድ፤ ቤት መፈለጉ፣ ምዝገባውና የጤና መድኑ ጊዜህን ይወስዱታል፤ ፈተናውም በየካቲት አካባቢ ይደርሳል።