የአንባቢያን ጥያቄዎች፦ የእሑድ ቡናችን ጎረቤት አስቀየመ

ጥያቄ፦ በጀርመን አገር፣ በፍራንክፈርት ከተማ፣ ባለ አራት ፎቅ የኪራይ ሕንፃ ውስጥ ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር እኖራለሁ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቡና ማፍላት የቤታችን ልማድ ነው። በቅርቡ በራችን ላይ «እሑድ መውቀጥ ክልክል ነው፤ ጭሱም ወደ ደረጃው ይወጣል» የሚል ወረቀት ተለጥፎ አገኘን። የጻፉት ከታች ያሉት አሮጊት ናቸው። ስንገናኝ ሰላም ይሉናል፤ በቃል ግን አንድም ቀን ነግረውን አያውቁም። ይህ ንቀት አይደለም? ባለቤቴ እንዲያውም ከቀለማችን የተነሣ ነው ይላል።
አንዲት እናት፣ ከፍራንክፈርት

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ወረቀቱን ንቀት የሚያሰኝ ነገር በጻፉልን ውስጥ አላገኘንም። እኛ ዘንድ ጎረቤት ቅር ሲለው ሰው ይልካል፣ ወይም ቡና ላይ ተቀምጦ ነገሩን በዘወርዋራ ያነሣዋል፤ በጽሑፍ ማሳወቅ ክስ የመመሥረት ያህል ይከብደናል። በጀርመን የኪራይ ሕንፃዎች ግን ብዙ ሰው ወረቀት የሚለጥፈው በር ላይ ቆሞ ከመከራከር ለመዳን ነው። እኚህ ሴት ጉዳዩን ለማክረር ቢፈልጉ ኖሮ ለአከራያችሁ ይጽፉ ነበር።

የእሑድ ነገር ደግሞ ከአንዲት ሴት ጠባይ ያለፈ ነው። እ.ኤ.አ. በ1919 የወጣው የቀድሞው የጀርመን ሕገ መንግሥት (የቫይማር ሕገ መንግሥት የሚባለው) እሑድና የታወቁ በዓላት ከሥራ የሚታረፍባቸውና መንፈስ የሚታደስባቸው ዕለታት ሆነው በሕግ እንዲጠበቁ ደነገገ፤ ይኸው አንቀጽ በ1949 በጸናው መሠረታዊ ሕግ፣ ማለትም በዛሬው የጀርመን ሕገ መንግሥት ውስጥ እንዳለ ተካቶ እስከ ዛሬ ይሠራል። በዚህ የተነሣ አብዛኞቹ ሱቆች ይዘጋሉ፤ ግድግዳ መብሳት፣ ሣር በሞተር ማጨድ፣ ሌላው ቀርቶ ባዶ ጠርሙስ መንገድ ዳር ባለው ማጠራቀሚያ ውስጥ መጣል እንኳ አይፈቀድም። ለእኛ ይህ ሊገርመን አይገባም፤ በሰንበት እህል አይፈጭም፣ እንጨት አይፈለጥም እየተባልን አይደል ያደግነው? ቡናን ከሥራ ስለማንቆጥረው ብቻ ሙቀጫውን ከዚህ ሁሉ ነፃ አወጣነው።

በየሕንፃው «ሃውስኦርድኑንግ» የሚባል የቤት ደንብ አለ፤ ብዙውን ጊዜ ከኪራይ ውሉ ጋር ተያይዞ ስለሚሰጥ ወገኖቻችን ሳያነቡት ይፈርሙበታል። የሌሊቱ የጸጥታ ጊዜ በአብዛኛው ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት፣ በእነርሱ አቆጣጠር ከ22 እስከ 6 ሰዓት ሲሆን፣ እሑድ ግን ቀኑን ሙሉ ይጠበቃል። ይህ ሲባል ትንፋሽ ውጦ መቀመጥ ማለት አይደለም፤ ከክፍሉ የማያልፍ ጨዋታና ሙዚቃ ማንም አይከለክልም። ሙቀጫው የሚያስቸግረው ወለል ላይ ሲወቀጥ ምቱ በኮንክሪቱ አልፎ ከታች ባለው ቤት ጣሪያ ላይ ስለሚያርፍ ነው። ቡናውን በኤሌክትሪክ መፍጫ ጠረጴዛ ላይ ቢፈጩት ድምፁ አጭር ነው፤ እናቶቻችን በዚህ ምክር ሊቆጡን እንደሚችሉ እናውቃለን።

ስለ ጭሱ ያነሡት ግን እውነት አላቸው። የጭስ ጠቋሚ መሣሪያ በመኖሪያ ቤት እንዲተከል በ16ቱም የጀርመን ፌዴራል ክልሎች ሕግ ያስገድዳል። ቡና ሲቆላና ዕጣን ሲጨስ እየጮኸ ስለሚያስቸግር በላስቲክ የሚሸፍኑት ወይም ባትሪውን የሚያወጡት አሉ፤ ልጆች በሚተኙበት ቤት ይህ ከቶ መደረግ የለበትም። መስኮት ከፍተው ከመስኮቱ አጠገብ ይቁሉ። የቤቱን በር ወደ ደረጃው ከፍቶ ማናፈስ ጭሱን ለሕንፃው ሁሉ ማደል ነው።

የባለቤትዎን ጥርጣሬ በባዶው አንጥለውም፤ እንዲህ ያለ ነገር አለና። ሌሎች ጎረቤቶች እሑድ ግድግዳ ሲበሱ ዝም ተብሎ ለእናንተ ብቻ የሚለጠፍ ከሆነ፣ ወይም ጽሑፉ ድምፁን ትቶ ስለ ማንነታችሁ መናገር ከጀመረ፣ ወረቀቱን ፎቶ አንሥተው ቀኑን መዝግበው ይያዙ። እ.ኤ.አ. በ2006 የተቋቋመው የፌዴራል ፀረ አድልዎ ቢሮ ያለ ክፍያ ምክር ይሰጣል። አሁን ባለው ሁኔታ ግን ወደዚያ የሚያደርስ ነገር አይታየንም።

ይልቅ ሴትዮዋን ቡና ይጥሯቸው። «አንድ ቀን ይምጡ» ቢሏቸው ለትሕትና ያህል እንደተባለ ይወስዱታል፤ ቀኑንና ሰዓቱን ቆርጠው ይንገሯቸው። 9 ሰዓት ካሉ በ9 ሰዓት በሩ ይንኳኳልና ረከቦቱ ቀድሞ ይዘርጋ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ መኖሩንም አስቀድመው ያስረዱ፤ አለዚያ የመጀመሪያውን ሲኒ ጠጥተው አመስግነው ይነሣሉ። ለፋሲካ ሌሊት፣ ከቅዳሴ መልስ ሰው ሰብስባችሁ የምትገድፉ ከሆነ፣ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ መግቢያው ላይ ማስታወቂያ መለጠፍ በዚያ አገር የተለመደ ጨዋነት ነው። ማስታወቂያው የመጮህ መብት አይሰጥም፤ የጎረቤትን ቁጣ ግን በእጅጉ ያበርዳል።

ጥያቄ፦ ሙኒክ ውስጥ አብሮኝ የሚማር ጀርመናዊ ቤቱ እራት ጋበዘኝ። ምግብ ሲያቀርቡልኝ እንደ ወጉ «ጠግቤአለሁ» አልኩ፤ እነርሱም ሳህኑን ወደሚቀጥለው ሰው አሳለፉት። ርቦኝ ወጣሁ። ምን ማድረግ ነበረብኝ?
ተማሪ፣ ከሙኒክ

መልስ፦ መብላት ነበረብዎት! በእኛ ቤት እንግዳ እምቢ የሚለው «በሞቴ» እንደሚባል ስለሚያውቅ ነው፤ ይሉኝታውን ጠብቆ ሆዱንም ይሞላል። እዚያ ግን እምቢታ እንደ ቃሉ ይወሰዳል፣ ደግሞ ማስገደድም እንደ ድፍረት ይታያል። ጀርመናዊ እንግዳ እርስዎ ቤት መጥቶ «በቃኝ» ሲልም እንጀራ አይጨምሩበት፤ ጉርሻውንም አስፈቅደው ያጉርሱት። ምግብ ቤት አብረው ሲሄዱ ብዙውን ጊዜ አስተናጋጁ ሒሳቡ አንድ ላይ ይሁን ወይስ ለየብቻ ብሎ ይጠይቃል፤ ለየብቻ መክፈል በዚያ አገር ስስት አይባልም። ልደትዎ ሲደርስ ደግሞ ለሥራ ባልደረቦችዎ ኬክ ይዘው የሚሄዱት እርስዎ ራስዎ ነዎት፤ የሌላ ሰው ልደት ከሆነም ከዕለቱ አስቀድሞ «እንኳን ተወለድክ» ማለት እንደ መጥፎ ገድ ስለሚቆጠር፣ ቀኑ እስኪደርስ ይታገሡ።