መጽሐፉ አልገፋ ሲል፦ ስለ መተው የተነሡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ጥያቄ፦ ስንት ገጽ ካነበብኩ በኋላ ብተወው ነው የማይቆጨኝ?

የሲያትሏ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ናንሲ ፐርል ያስለመደችው መለኪያ ጥሩ መነሻ ነው። ዕድሜዎ እስከ 50 ከሆነ 50 ገጽ ያንብቡ፤ ከዚያ ካለፈ ዕድሜዎን ከ100 ላይ ቀንሰው የቀረውን ያህል። የ62 ዓመት ሰው 38 ገጽ ይበቃዋል።

ለአማርኛ መጽሐፍ ግን ይህ እንዳለ አይሠራም። መታሰቢያው፣ ምስጋናው፣ መቅድሙና የሌሎች አስተያየት ብቻ ብዙ ገጽ ሊወስድ ስለሚችል ቆጠራውን ከምዕራፍ አንድ ይጀምሩ። የፊደሉም መጠን ከመጽሐፍ መጽሐፍ ይለያያል። የአንዱን መስመር ቃላት ቆጥረው በመስመሮቹ ብዛት ያባዙ። 8 ቃል በ25 መስመር 200 ቃል ነው፤ 11 ቃል በ35 መስመር ደግሞ 385። ስለዚህ ወደ 12,000 ቃል ገደማ መያዝ ይሻላል፤ በመጀመሪያው መጽሐፍ 60 ገጽ፣ በሁለተኛው 31 ገጽ ይሆናል።

ይህንንም ሁለት ሦስት ጊዜ ቁጭ ብለው ይጨርሱት። ማታ ማታ እንቅልፍ እየታገሉ አራት አራት ገጽ ካነበቡ የሰዎቹ ስም እየጠፋብዎት ደህናውም መጽሐፍ አሰልቺ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ፍቅር እስከ መቃብርን ሁለት ጊዜ ጀምሬ ተውኩት። ሰው ሁሉ ያደንቀዋል። ጥፋቱ የእኔ ነው?

ጥፋትስ የለብዎትም፤ ግን ይህ መጽሐፍ የገጽ መለኪያው የማይሠራበት ዋና ምሳሌ ነው። በ1958 ዓ.ም. የታተመው ይህ ልብ ወለድ የሚጀምረው ማንኩሳ፣ ከበዛብህ ወላጆች ከቦጋለ መብራቱና ከውድነሽ በጣሙ ነው። በዛብህ ተወልዶ፣ በስለት ለቤተ ክርስቲያን ተሰጥቶ፣ ተምሮ፣ ከሰብለ ወንጌል ጋር እስኪገናኝ ብዙ ገጽ ይሄዳል። ርዕሱን አይቶ ፍቅሩን ፍለጋ የገባ አንባቢ ደጅ ላይ ይደክማል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ የወላጆቹን ክፍል ራሱን እንደቻለ አጭር ታሪክ ያንብቡት። እሱም ካልሆነ በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተላለፈውን የወጋየሁ ንጋቱን ትረካ ከመጀመሪያው ያዳምጡና ጆሮዎ ዜማውን ሲይዝ ወደ መጽሐፉ ይመለሱ። በወጋየሁ ድምፅ ገበሬው ገበሬ፣ ባላባቱ ባላባት ሆኖ ይሰማል፤ ከዚያ በኋላ ረጃጅሞቹ ንግግሮች አይከብዱም። በዛብህ ሰብለን ሊያስተምር ፊታውራሪ መሸሻ ቤት ከገባ በኋላም ልብዎ ካልተነካ፣ ያን ጊዜ በሙሉ ልብ ይተውት።

ጥያቄ፦ የትርጉም መጽሐፍ ሁሌ ግማሽ ላይ ይሰለቸኛል። የታሪኩ ነው የተርጓሚው?

ከሦስት ቦታ፣ ለምሳሌ ከገጽ 30፣ 100 እና 200 አንዳንድ አንቀጽ ድምፅዎን ከፍ አድርገው ያንብቡ። «ዜናው በእርሱ ላይ ታላቅ ድንጋጤን እንዲያድርበት አደረገ» የሚል ዓይነት ዓረፍተ ነገር ከተደጋገመ ችግሩ የተርጓሚው ነው፤ አማርኛው «ወሬውን ሲሰማ ደነገጠ» ብሎ ይጨርሰዋል። አንዱ ሰው እዚህ «ማርያ» እዚያ «ሜሪ» ከተባለም አርታኢ አላየውም ማለት ነው። ታሪኩን ሳይጠሉ ይህን ቅጂ ይተዉና ሌላ ትርጉም ይፈልጉ።

ጥያቄ፦ 500 ብር አውጥቼበት እንዴት ልተወው?

የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ብሩ ገጽ 40 ላይ ቢያቆሙም ገጽ 400 ቢደርሱም ወጥቷል፤ ቢቀጥሉ የሚጨምረው ያጡት ሰዓት ነው። ይልቅ በጊዜው ካቆሙ መጽሐፉ ገና አዲስ ነው። አይጻፉበት፣ ገጹን አይጠፉት፣ ጀርባውን አያጉብጡት፤ ለሰው ለመስጠትም ለመሸጥም ይመቻል። ለወደፊቱ ግን ከመግዛትዎ በፊት የመጀመሪያዎቹን 20 ገጾች ቤተ መጻሕፍት ገብተው ይቅመሱ። አዲስ አበባ ላሉ ወመዘክር አለ፤ በ2014 ዓ.ም. አራት ኪሎ የተከፈተው አብርሆትም አለ።

ጥያቄ፦ ልብ ወለድ ላልሆነውስ?

ማውጫውን፣ መግቢያውንና የመጨረሻውን ምዕራፍ ያንብቡ። ከዚያ የሚፈልጉትን ምዕራፍ ብቻ። ይህ መተው አይባልም።

ጥያቄ፦ ደራሲው ወዳጄ ነው፤ «እንዴት አገኘኸው?» እያለ ይጠይቀኛል።

ጨርሻለሁ ብለው አይዋሹት፤ ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ይያዛሉ። የቆሙበትን ገጽና ከዚያ በፊት የወደዱትን አንድ ነገር ይንገሩት፤ «ገጽ 74 ላይ ቆሜያለሁ፤ የአያትየው ለቅሶ ግን ዓይኔ ላይ ቀርቷል» ይበሉት። ለጸሐፊ አንባቢ የት እንደደከመ ማወቅ ከባዶ ምስጋና ይበልጥ ይጠቅመዋል።

ጥያቄ፦ ልጄ 9 ዓመቷ ነው፤ አሜሪካ ተወልዳ ያደገች። የአማርኛ መጽሐፍ ሁለት ገጽ አንብባ ትጥላለች። ላስገድዳት?

አያስገድዷት። ምናልባት የደከማት ታሪኩ ሳይሆን ፊደሉ ነው። እርስዎ ሲያነቡላት በደስታ የምትሰማ ከሆነ ይኸው ነው። አማርኛ መጥበቅና መላላትን በጽሕፈት አያሳይም፤ «ገና» በዓሉ ይሁን «ገና አልመጣም» የሚባለው የምታውቀው ቃሉን አስቀድማ ሰምታ ከሆነ ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ገጽ እርስዎ፣ አንድ አንቀጽ እሷ፣ በቀን ከ10 ደቂቃ ሳይበልጥ ያንብቡ። በአንድ ገጽ የማታውቃቸው ቃላት አምስት ከደረሱ መጽሐፉ ከብዷታልና ቀለል ያለ ይስጧት።

ጥያቄ፦ ሦስት ወር ሙሉ የጀመርኩትን ሁሉ ተውኩ። ምን ነካኝ?

ተከታትለው አራት አምስት ከተዉ መጽሐፎቹን አይውቀሱ፤ ድካም፣ ሐሳብ ወይም ስልክ ሊሆን ይችላል። ስልኩን ሌላ ክፍል ያስቀምጡና ከ10 ገጽ የማይበልጥ አጭር ልብ ወለድ ወይም ድሮ የወደዱትን መጽሐፍ ያንብቡ።

የተዉዋቸውንም እንዲሁ አልጋ ራስጌ አይከምሯቸው፤ ባዩዋቸው ቁጥር ዕዳ ይመስላሉ። በየአንዳንዱ ውስጥ ቁራጭ ወረቀት ያስገቡና ቀኑን፣ ገጹን፣ ያቆሙበትን ምክንያት በአንድ መስመር ይጻፉ፤ «ሰዎቹ በዙብኝ»፣ «ለቅሶ ላይ ነበርኩ»፣ «ቋንቋው ከበደኝ»። ከዚያ መደርደሪያ ላይ ይመልሷቸው። ከስድስት ወር በኋላ ወረቀቱን ሲያነቡ «ለቅሶ ላይ ነበርኩ» ያሉት መጽሐፍ እንደገና ይከፈታል፤ «ቋንቋው ከበደኝ» ያሉትን ለሚችለው ይስጡት።